በምላጭ እጀታ ላይ የቀረ ቁጥር

በአንደኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ወታደር በጓዙ ከሚይዛቸው ዕቃዎች አንዱ እንደ ሴንጢ የሚታጠፍ ምላጭ ነበር። ብዙዎቹ የሼፊልድ ከተማ ሥራ ሲሆኑ፣ የመንግሥት ንብረት መሆናቸውን የቀስት ጫፍ የመሰለ ምልክት ይመሰክራል። ወታደሩ አገጩን የመላጨት ግዴታ ነበረበት፤ ሪዙን መላጨት ግን እስከ እ.ኤ.አ. 1916 መገባደጃ ድረስ በደንብ የተከለከለ ነበር። (ምሽግ ውስጥ ላለ ሰው ይህ ምን የሚሉት ሕግ ነው?)

ዛሬ እነዚህን ምላጮች ሰብስበው፣ በቆዳ ጠፍር ላይ እያፋተጉ ስለታቸውን በመመለስ በየማለዳው የሚላጩባቸው ሰዎች አሉ። እኔን ግን ከስለቱ ይልቅ እጀታው ይስበኛል። በብዙዎቹ ላይ የባለቤቱ የወታደርነት ቁጥር ተቀርጿል። ስም የለም፤ ቁጥር ብቻ። በባንክ መስኮት ለምውል ለእኔ፣ ቁጥር ካለ ሰው አይጠፋም፤ መዝገብ መግለጥ ነው። እዚህ ግን ነገሩ እንዲያ አይደለም። ያኔ ቁጥር የሚሰጠው እያንዳንዱ ሬጅመንት ለየራሱ ስለነበር፣ አንዱን ቁጥር ብዙ ሰዎች ይጋሩታል። ለመላው ሠራዊት አንድ ወጥ አሰጣጥ የመጣው በ1920 ነው። የግል ማኅደሮቻቸውም በ1940 ጀርመኖች ለንደንን በቦምብ ሲደበድቡ አብዛኞቹ ተቃጠሉ።

ታዲያ አንዳንድ ሰብሳቢ ዕቃው እንዲያምርለት ብሎ እጀታውን በሸካራ ወረቀት ይፍቃል። ዝገቱን ቢያነሣ አልቃወምም፤ ዝገቱ የወታደሩ አይደለም። ቁጥሩን ግን ባይነካው እወዳለሁ። ከአጠገቡ የሬጅመንቱ ምሕፃረ ቃል ከተረፈ፣ ከእሳቱ በዳነው የሜዳልያ መዝገብ ውስጥ ስሙን ፈልጎ ማግኘት ይቻላልና።