ፊቱን የሸፈነው «ንጉሥ»

«ዘ ስቲንግ» የተባለውን የአሜሪካ ፊልም ያየ ሰው የውርርድ ቤቱን አይረሳውም። በ1973 የወጣው ይህ ፊልም (ዓመቶቹን ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው) ሁለት አጭበርባሪዎች አንድ ጨካኝ ባለገንዘብ እንዴት እንደገፈፉ ያሳያል። ቤቱ የውሸት፣ ቁማርተኛው የውሸት፣ የፈረስ እሽቅድምድሙን የሚያወራውም የውሸት። እውነተኛው የተበዪው ገንዘብ ብቻ ነው። ታዲያ እኛ ጉና ሥር ቁጭ ብለን የአጼ ሱስንዮስን ዘመን ስናገላብጥ ያገኘነው ሰው ለእነ ፖል ኒውማን እንኳ የሚያስተምር ሆኖ አገኘነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሠርፀ ድንግል ልጅ አጼ ያዕቆብ በ1597 ገና በሰባት ዓመቱ ነገሠ፤ በ1603 አውርደው ወደ እናርያ አጋዙት፤ ተመልሶ ቢነግሥም በመጋቢት 1607 ጎጃም ውስጥ ጎል ላይ ከሱስንዮስ ጋር ሲዋጋ ሞተ። ብዙም ሳይቆይ በደብረ ቢዘን ገዳም አካባቢ አንድ ሰው ብቅ አለና «ያዕቆብ እኔ ነኝ፤ አልሞትኩም» አለ። ፊቱን ግን በጨርቅ ሸፍኗል። ለምን ቢሉት፣ በጦርነቱ ጥርሴና ፊቴ ክፉኛ ቆስሏል ነው መልሱ።

ይህቺን ጨርቅ ልብ በሉልን። ጥበቡ ሁሉ እሷ ላይ ነው ያለው። ሰውየው ያዕቆብን ለመምሰል አልደከመም፤ እንዳይታይ ብቻ አደረገ፤ የቀረውን ተመልካቹ በሐሳቡ ሞላለት። ደግሞም ንጉሥ ፊቱን መሸፈኑ ለአገሩ ባዕድ አልነበረም። ፖርቱጋላዊው አልቫሬዝ በ1520 ልብነ ድንግል ፊት ሲቀርብ የንጉሡ አፍና ጺም በሰማያዊ ሐር ተጋርዶ፣ ጨርቁ አንዴ ዝቅ አንዴ ከፍ ሲል እንዳየ ጽፏል። እንግዲህ የሐማሴን ገበሬ ያንን የተሸፈነ ፊት አይቶ ቢሰግድ ሞኝ ነው ልንል ነው? እኛስ አንልም። በሕፃንነቱ የነገሠውን፣ ከዚያም ወደ ሩቅ አገር የተጋዘውን ያዕቆብ ፊት ለፊት ያየው ስንት ሰው ነበር? ሱስንዮስ ራሱስ ቢሆን ዓመታት በሽፍትነት የዞረ አይደለም እንዴ?

የትግራይ ገዥ የአካባቢውን ወታደር ስላላመነ የራሱን አሽከሮችና በአገሩ የሠፈሩትን ፖርቱጋሎች ይዞ ዘመተ። ሦስት ጊዜ አሸነፈ፤ ሦስት ጊዜም ሰውየው ወደ ሐማሴን ተራራ አመለጠ። ንጉሡ ለምን ቶሎ አልደረሰም? እዚህ ላይ የእኛ አገር ትገባለች። ሱስንዮስ በዚያን ጊዜ በበጌምድር ተይዞ ነበር። በርብ ወንዝ ላይኛው ክፍል ከኦሮሞ ጦር ጋር ገጥሞ መጀመሪያ ተሸነፈ፣ ኋላም ጥር 17 ቀን 1608 እብናት ላይ ድል አደረገ። የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ 12,000 ሰው ከአንድ ወገን፣ 400 ከሌላው ወገን ሞተ ይላል፤ የአሸናፊ ቁጥር ስለሆነ እኛ እንጠራጠረዋለን። ያም ሆነ ይህ ርብና እብናት ላይ የፈሰሰው ደም ለሐማሴኑ «ያዕቆብ» ዕድሜ ገዛለት።

ከዚያ በኋላ ሱስንዮስ ወደ ሰሜን ወጣና መጋቢት 18 ቀን 1608 አክሱም ላይ ዘውድ ደፋ። ሥርዓት ነው ይባላል፤ ይሁን። እኛ ግን ለጨርቁ የተሰጠ መልስ ይመስለናል። አንዱ ፊቱን ሸፍኖ ነገሠ፣ ሌላው በአደባባይ ዘውድ ጭኖ «እዩኝ» አለ። ሁለቱም ተመልካች ፈልገዋል።

ዘውዱም ቢሆን ሰውየውን አላስያዘውም። ሱስንዮስ ሥራውን ለአገልጋዩ ለአምሳለ ክርስቶስ ትቶ ተመለሰ። አምሳለ ክርስቶስ ደግሞ ከጦር ይልቅ ተንኮል መረጠ፤ ከአመፀኞቹ ጋር የነበሩ ሁለት ወንድማማቾችን አባብሎ አስገደለው። አታላዩን በማታለል ማለት ነው። ራሱ ተቆርጦ ለንጉሡ ተላከ። ጨርቁ ሲገለጥ ቁስል የለም፣ ጠባሳ የለም። ብሩስ እንደሚለው ሰውየው በዚያው በሚሸሸግበት ተራራ ከብት ሲጠብቅ ያደገ እረኛ ነበር። ሦስት ጊዜ እንዴት እንዳመለጠ አሁን ይገባናል፤ የንጉሡ ጦር የማያውቀውን መንገድ እሱ ከላም ኋላ ሲሄድ ነው የተማረው።