በግሥ መጨረሻ ስለ ተሸሸገው «አለ»

በ1954 ዓ.ም. በጥር ወር ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ስታዲየም ግብፅን 4 ለ 2 ረትታ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። ከጨዋታው በፊት ያለው ተስፋ «ታሸንፋለች»፥ ከጨዋታው በኋላ ያለው ደስታ «አሸንፋለች» ተብሎ ይነገራል። ሁለቱን ቃላት ብንፈታቸው በሁለቱም ውስጥ «አለች» ተሸሽጋ እናገኛታለን፤ የፊተኛው «ታሸንፍ አለች»፥ የኋለኛው «አሸንፋ አለች» ነውና።

እንዲህ ያለው ነገር በሮማውያንም ቋንቋ ደርሶአል። በጥንቱ ላቲን «እዘምራለሁ» ለማለት «ካንታቦ» ይባል ነበር። ዳሩ ግን ሕዝቡ ይህን ትቶ «መዘመር አለኝ» እንደ ማለት ያለውን «ካንታሬ ሀቤዎ» ለመደ። ውሎ አድሮም ሁለቱ ቃላት ተጣብቀው በጣሊያንኛ «ካንቴሮ»፥ በፈረንሳይኛ «ሻንትሬ» ሆኑ። በፈረንጆች አቈጣጠር በ813 ዓ.ም. በቱር ከተማ የተሰበሰቡ ጳጳሳት ስብከት ሕዝቡ በሚናገረው ቋንቋ እንዲተረጐም አዘዙ። በ842 ዓ.ም. ሁለት ወንድማማች ነገሥታት በስትራስቡርግ ሲማማሉ በተጻፈው ቃል ኪዳንም «ሳልቫራይ» የሚል ይገኛል፤ ይኸውም በዚሁ መንገድ የተሠራ ሲሆን ትርጓሜው «አድናለሁ» ነው።

ይልቁንም የሚያስደንቀው የፖርቱጋልኛ ጽሑፍ ነው። «እዘምረዋለሁ» ለማለት «ካንታ-ሉ-ኤይ» ሲጻፍ፥ «እርሱን» የሚለው «ሉ» ከግሡና ከረዳቱ መካከል ይገባል። እኛም «እዘምረው» ብለን «አለሁ»ን ስንጨምር «ው»ን በዚያው ስፍራ እናኖራለን።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ ግእዝ «ነጊሮ» የሚለውን ትግርኛ «ነጊሩ» ብሎ ብቻውን ለኃላፊ ጊዜ ያውለዋል፤ አማርኛ ግን «ነግሮ»ን ከ«አለ» ጋር አጋብቶ «ነግሮአል» አደረገው። ይሁን እንጂ ፈረንሳይኛ የላቲን ልጅ እንደ ሆነ ሁሉ አማርኛም የግእዝ ቀጥተኛ ልጅ ነው ማለትን ከዛሬ ሊቃውንት ብዙዎቹ አይቀበሉትም፤ የቅርብ ዘመዱ ነው ይላሉ እንጂ። የቀድሞውም አኳኋን ፈጽሞ አልጠፋም፤ «አይነግርም»፥ «ሲነግር»፥ «የሚነግር» ስንል «አለ» የለበትም።

እንግዲህ በየመሥሪያ ቤቱ ብዕር የምትይዙ ወገኖች ሆይ፥ «ደብዳቤው ተላከ» የሚለው ድርጊቱን ብቻ ሲነግር፥ «ተልኮአል» የሚለው ግን ጉዳዩ እስከ አሁን የደረሰበትን ያስረዳል። ይህን ልዩነት ያበጀልን የሕዝብ አፍ ነው። ስለዚህ በንግግር የተዋሐደውን ሁሉ «የተበላሸ ቋንቋ» ብለን ለመናቅ አንቸኩል፤ የተናቀው የሮማ ሕዝብ አነጋገር የታላላቅ መንግሥታት መጻፊያ ለመሆን በቅቶአልና።