በእሳተ ገሞራ አመድ ሥር የተገኘው የገበሬ ቤት

በደቡብ ጣሊያን፣ ከጥንታዊቷ የፖምፔ ከተማ በስተሰሜን ቦስኮሬያሌ በተባለች ሥፍራ፣ ቪላ ሬጂና የሚል ስያሜ የተሰጠው የሮማውያን ዘመን አነስተኛ የእርሻ ቤት ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ79 የቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ከነማሳው በአመድ ተቀብሮ ቆይቶ፣ በ1977 ለመኖሪያ ሕንጻ መሬት ሲቆፈር ተገኘ።

አካባቢው ለቁፋሮ አዲስ አልነበረም። በ1895 እዚያው ቦስኮሬያሌ ውስጥ፣ ቪላ ዴላ ፒሳኔላ ከተባለ ሌላ የእርሻ ቤት፣ ከመቶ በላይ የብር ዕቃዎች ወጥተው አብዛኞቹ ፓሪስ ወደሚገኘው የሉቭር ሙዚየም ገብተዋል። ቤቱ ግን ተመልሶ አፈር ለበሰ። በቪላ ሬጂና እንዲህ ያለ ሀብት አልተገኘም፤ ስለ ገበሬው ኑሮ የሚናገረው ግን ይኸኛው ነው።

በአርኪዮሎጂ ባለሙያው ስቴፋኖ ዴ ካሮ የተመራው ቁፋሮ የወይን መጭመቂያ ክፍል፣ ወጥ ቤት፣ የድርቆሽ ማስቀመጫና አውድማ አሳይቷል። በግቢው መካከል 18 ታላላቅ ጋኖች እስከ አንገታቸው መሬት ውስጥ ተቀብረዋል። ይህም የወይን ጠጁ ሙቀት እንዳይለዋወጥ ይረዳል። ጋኖቹ በድምሩ 10 ሺህ ሊትር ገደማ ይይዛሉ፤ ይህ ለአንድ ቤተሰብ ፍጆታ ከሚያስፈልገው እጅግ የሚበልጥ በመሆኑ ምርቱ ለገበያም ይቀርብ እንደነበር ያመለክታል።

ይበልጥ የሚያስደንቀው ማሳው ነው። የወይኑ ሥሮች በስብሰው ሲያልቁ በቦታቸው ባዶ ቀዳዳ ቀርቷል። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ዊልሄልሚና ጃሼምስኪ በፖምፔ አካባቢ በሠራችበት ዘዴ፣ በቀዳዳው ውስጥ የገባው ጠጠር በጥንቃቄ ይወጣል፤ ከዚያም ሲሚንቶ ይፈስበታል። ሲሚንቶው ሲደርቅ ዙሪያው ያለው አፈር ይነሣና የሥሩ ቅርጽ ይገለጣል። በዚህ መንገድ የወይኑ ረድፍ፣ በተክሎቹ መካከል የነበረው ርቀትና በመካከላቸው የበቀሉት ዛፎች ታወቁ። ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ለብር የሚቆፍር ሰው ቀዳዳዎቹን ረግጧቸው ባለፈ ነበር። በፍንዳታው የሞተ አንድ አሳማ ቅርጽም በተመሳሳይ መንገድ፣ በጀሶ ተወስዷል።

ዛሬ ቤቱ በዘመናዊ ሕንጻዎች ተከብቦ፣ ከመንገዱ በብዙ ሜትሮች ዝቅ ባለ ጉድጓድ ውስጥ ይታያል። በዙሪያውም ወይን ዳግም ተተክሏል።