በመስኮቱ ጥግ ያሉት ፊደላት

የአሜሪካን ቴሌቪዥን ያየ ሰው፣ ትርዒቱ ሲጀመር በመስኮቱ ጥግ ብቅ ብለው የሚጠፉ ፊደላትን ልብ ብሎ ይሆናል። እ.ኤ.አ. የ1996ቱ የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ ያስከተላቸው ናቸው፤ በ1997 ሥራ ላይ ዋሉ። «ቪ» ድብደባና ግድያ አለ ማለት ነው፤ «ኤል» ጸያፍ ቃል፣ «ኤስ» ወሲብ። ወላጅ አይቶ ይወስናል። እኔም ብሆን የማደርገው ነው።

በሜይ 2022 ግን አምስት የሪፐብሊካን ሴናተሮች ሥርዓቱን ለሚከታተለው ቦርድ ደብዳቤ ጻፉ። በልጆች ፕሮግራም ውስጥ ትራንስጀንደሮች፣ ማለትም ሲወለዱ ከተሰጣቸው ጾታ ውጪ ሆነው የሚኖሩ ሰዎች፣ እንዲሁም ተመሳሳይ ጾታ የሚያፈቅሩ ሲቀርቡ ወላጅን የሚያስጠነቅቅ ምልክት ይኑር አሉ።

የምቃወመው ይህንን ነው። ፊደላቱ እስካሁን የሚናገሩት ስለሚደረገውና ስለሚባለው ነበር፤ ይህኛው ማን እንደ ቀረበ ሊናገር ነው። ገጸ ባሕርይዋ ዳቦ ስትገዛ ብትታይም ማስጠንቀቂያ ይለጠፍባታል። ስለ ወላጅ መብት ይነሣል፤ ታዲያ እንዲህ ያለ ልጅ ያላት እናትስ ወላጅ አይደለችም?

ነገሩ ሥር አለው። ሆሊውድ በ1930 ያወጣውና ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ ያስፈጸመው የሄይስ ደንብ፣ የወሲብ ጠማማነት ብሎ የፈረጀውን ሁሉ፣ ፍንጩን እንኳ ሳይቀር ከለከለ። ተመሳሳይ ጾታ የሚያፈቅሩ ሰዎች ከፊልሙ ወጡ፤ አለዚያም በአሽሙር ብቻ ገቡ። ደንቡ በዚህ ረገድ የላላው በ1961 ነው።

ሳንሱር ምን እንደሆነ ለእኛ አገር አንባቢ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። የአሁኑ መቀስ የያዘ ሹም አያስፈልገውም። ጣቢያው ማስታወቂያ ሰጪ እንዳይሸሸው ሲል ገጸ ባሕርይዋን ገና ድርሰቱ ላይ ይሰርዛታል።