ከእብጠቱ ወደ ጉሮሮው፦ የሕፃናት የልብ ድካም ሕክምና ታሪክ

የሕፃናት የልብ ድካም ሕክምና ታሪክ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚወሱት አዳዲስ መድኃኒቶችና ቀዶ ሕክምናዎች ናቸው። ታሪኩን ከመነሻው ለሚከታተል የጤና ባለሙያ ግን ጎልቶ የሚታየው፣ ሕክምናው ደረጃ በደረጃ ከበሽታው መጨረሻ ወደ መነሻው መጓዙ ነው። በአገራችን ለትምህርት የደረሱ ልጆችን ለልብ ድካም ከሚዳርጉት ምክንያቶች ዋነኛ የሆነው የሩማቲክ የልብ ሕመም ለዚህ ጉዞ ጥሩ ምስክር ይሆናል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በጥንት ዘመን ሐኪሙ የሚያየው የእግርና የሆድ እብጠትን ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ዊዘሪንግ አንዲት አሮጊት በምስጢር የያዙትን የእብጠት መድኃኒት መርምሮ፣ ከብዙዎቹ ቅጠላ ቅጠሎች መካከል ፈውስ የሚሰጠው ዲጂታሊስ የተባለው ተክል መሆኑን ለየ። በ1785 ባሳተመው መጽሐፍም መድኃኒቱ መጠኑ ካለፈ መርዝ እንደሚሆን አስጠነቀቀ። ዛሬም ለሕፃን ዲጎክሲን የሚያዝ ባለሙያ መጠኑን በኪሎ አስልቶ ደግሞ ደጋግሞ የሚያረጋግጠው በዚሁ ምክንያት ነው።

በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ግን የሩማቲክ ትኩሳት የያዛቸው ልጆች ዋነኛ ሕክምና ዕረፍት ነበር። ልጆቹ ከቤተሰብና ከትምህርት ተለይተው ለወራት በአልጋ ላይ ይውሉ ነበር። በአሜሪካ ቦስተን ከተማ ብላንድና ጆንስ የተባሉ ሐኪሞች 1,000 ሕሙማንን ከልጅነታቸው ጀምሮ ለ20 ዓመታት ተከታትለው ውጤቱን በ1951 አሳተሙ። ከእነዚህ ውስጥ 300 ያህሉ ሞተው ነበር። የተሟላ እንክብካቤ እንኳ ብቻውን በሽታውን ሊገታው አልቻለም።

መፍትሔው የተገኘው ከልብ ሳይሆን ከጉሮሮ ነው። በ1950 ዴኒ፣ ዋናሜከርና ባልደረቦቻቸው በአንድ የአሜሪካ የጦር ሠፈር ባደረጉት ጥናት፣ በስትሬፕቶኮከስ ምክንያት የሚመጣ የቶንሲል ሕመም በፔኒሲሊን ከታከመ የሩማቲክ ትኩሳትን መከላከል እንደሚቻል አሳዩ። በ1952 ደግሞ ስቶለርማንና ባልደረባው በደም ውስጥ ለሳምንታት የሚቆየው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን በሽታው አንድ ጊዜ የያዛቸውን ልጆች ዳግመኛ ከሚመጣ ኢንፌክሽን እንደሚጠብቅ አመለከቱ። በየአራት ሳምንቱ የምንሰጠው መርፌ የዚያ ሥራ ውጤት ነው።

ቀዶ ሕክምናም በበኩሉ ተራምዷል። በ1925 ሄንሪ ሱታር በለንደን የአንዲትን ወጣት የጠበበ የልብ ቫልቭ በጣቱ ከፈተ፤ ታካሚዋም ዳነች። ሆኖም ሌሎች ሐኪሞች ሁለተኛ ታካሚ ሳይልኩለት ቀሩ፤ ዘዴው እንደገና የተነሣውም በ1948 ነው። ዛሬ ቫልቭ መተካት የተለመደ ሆኗል፤ ነገር ግን ከብረት የተሠራ ቫልቭ የተተካለት ልጅ ዕድሜ ልኩን የደም ማቅጠኛ መድኃኒትና የማያቋርጥ የደም ምርመራ ያስፈልገዋል።

በአገራችን በ1989 በዶክተር በላይ አበጋዝ አነሳሽነት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ተመሠረተ። ልጆችን ለቀዶ ሕክምና ወደ ውጭ አገር በመላክ የተጀመረው ሥራ፣ በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ቅጥር ግቢ የልብ ሕክምና ማዕከል እስከመክፈት ደረሰ። ይህ ታላቅ እመርታ ነው። ይሁን እንጂ የቀዶ ሕክምና ወረፋ የሚያጥረው ክፍሎች በመብዛታቸው ብቻ ሳይሆን ወደ ወረፋው የሚገቡት ልጆች ሲቀንሱ መሆኑ አያጠራጥርም። በ2021 ከኡጋንዳ የወጣ ጥናት ይህንኑ ያጠናክራል፦ በአልትራሳውንድ ብቻ የሚታወቅ የመጀመሪያ ደረጃ የሩማቲክ የልብ ሕመም ካለባቸው ልጆች መካከል፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ሕመሙ የባሰባቸው ፔኒሲሊን ከወሰዱት 0.8 በመቶ፣ ካልወሰዱት ግን 8 በመቶ ያህሉ ነበሩ።

ታሪኩ ለባለሙያው አንድ ጥንቃቄም ያስተምራል። ቫልቩ ክፉኛ የተጎዳና በልብ ድካም የሚሠቃይ ልጅ መርፌውን በወሰደ በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ስቶ ሊሞት የሚችልበት አጋጣሚ አለ። በመሆኑም የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2022 ባወጣው ምክር ለእንዲህ ያሉ ሕሙማን በአፍ የሚወሰድ ፔኒሲሊን እንዲታሰብ አሳስቧል። መርፌው ለብዙዎች ሕይወት ነው፤ ለጥቂቶች ግን ከመሰጠቱ በፊት ልብን ማዳመጥ ያሻል።

ጉሮሮውን ሲያመው «እንጥሉ ወርዷል» ተብሎ ወደ ቆራጭ የሚወሰደው ሕፃን አስቀድሞ ወደ ጤና ጣቢያ ቢመጣ፣ ከዓመታት በኋላ አብጦና ትንፋሽ አጥሮት ላናገኘው እንችላለን። ዊዘሪንግ እብጠቱን አየ፤ የቦስተን ሐኪሞች ልቡን ተከታተሉ፤ ከእነርሱ በኋላ የመጡት ጉሮሮውን አዩ። እኛም የሦስቱን ትምህርት አጣምረን እንድንሠራበት አደራው በእጃችን ነው።