«ላክ ታር»፦ የፍቅር ታሪክ በአቾሊ ቋንቋ

ከሙየንጋ ኮረብታ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ከመሐል ካምፓላ ባሻገር፣ የማከሬሬ ኮረብታ ይገኛል። የአፍሪካ ደራስያን በምን ቋንቋ ይጻፉ የሚለው ክርክር በተነሣ ቁጥር የሚጠቀሰው ጉባኤ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1962 የተካሄደው እዚያ ነው። ጥሪው በእንግሊዝኛ ለሚጽፉ አፍሪካውያን ነበር። ቺኑዋ አቼቤና ዎሌ ሾይንካ ተገኝተዋል፤ በማከሬሬ ተማሪ የነበረው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎም ተካፍሏል። እኛ ግን ለአንባቢዎቻችን ልናስተዋውቅ የፈለግነው ከጉባኤው 9 ዓመት አስቀድሞ፣ እዚያው ኡጋንዳ ውስጥ በአቾሊ ቋንቋ የታተመውን «ላክ ታር» የተባለ ልብ ወለድ ነው።

ደራሲው ኦኮት ፒቢቴክ እ.ኤ.አ. በ1931 በሰሜን ኡጋንዳ በጉሉ የተወለደ ሲሆን፣ መጽሐፉ በ1953 ሲወጣ ራሱም ገና ወጣት ነበር። ታሪኩ አባቱ በልጅነቱ ስለሞተበት ጎረምሳ ነው። ልጅቱን ይወዳል፤ እርሷም እሺ ትለዋለች፤ ነገር ግን ለቤተሰቧ የሚከፍለው የለውም፤ ዘመዶቹም አይረዱትም። ገንዘብ ፍለጋ ወደ ካምፓላ ይወርዳል፤ ከዚያም በጂንጃ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ጉልበቱን ይሸጣል። ከሁለት ዓመት በኋላ ያጠራቀመውን ይዞ ሲመለስ መንገድ ላይ ይዘረፋል፤ የቀረውን መንገድ በእግሩ ተጉዞ ባዶ እጁን አገሩ ይገባል።

ይህን ፍቅር ወደ አማርኛ እናምጣው ብንል ገና በመጀመሪያው ቃል እንሰናከላለን። ክፍያውን «ጥሎሽ» ካልነው ተማሪው የሙሽራዋን ቀሚስና ጌጥ ያስባል፤ ታሪኩም የአንድ ድሃ ልጅ ኀፍረት ሆኖ ይቀራል። «ማጫ» ብንለው ይሻላል፤ ምክንያቱም ጉዳዩ ስጦታ ሳይሆን በሁለት ወገኖች መካከል የሚፈጸም ውል ነው። እንግዲህ የልጁ ፍቅር የሚለካው በቃላት ብዛት ሳይሆን ለዚያ ክፍያ ባፈሰሰው ላብ ነው።

ርእሱም እንዲሁ። «ላክ ታር» ማለት «ነጭ ጥርስ» ነው፤ ሙሉው አባባል ሰው በዓለም ሐዘን ላይ የሚስቀው ጥርሱ ነጭ ስለሆነ ነው የሚል ነው። እኛ «ጥርስ ባዳ ነው» እንላለን፤ ይህን የሚያውቅ አንባቢ የመጽሐፉን ቃና ገና ሽፋኑ ላይ ያገኘዋል። መራራውን ነገር በፈገግታ መናገር የደራሲው ጌጥ አይደለም፤ የቋንቋው ባለቤቶች የሐዘን አነጋገር ነው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1989፣ ደራሲው ካረፈ ከ7 ዓመት በኋላ ነው። ዓለም ኦኮትን ያወቀው በ1966 በእንግሊዝኛ በታተመው «የላዊኖ መዝሙር» ነበር፤ የዚያ ሥራ የአቾሊው ቅጂ እንኳ የታተመው ከ3 ዓመት በኋላ ነው። ነገሩ ያሳዝናል።

በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከዚህ ጋር ቢነጻጸር ብዙ ያስተምራል። በዛብህና ሰብለ ወንጌልን የሚለያቸው የማጫ እጦት ሳይሆን ዘር ነው፤ ስለዚህም የመጽሐፉ ቋንቋ በማዕረግ የተከፋፈለ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ሲናገሩ የትውልዳቸው ኩራት ከአፋቸው ይቀድማል፤ ጉዱ ካሣ ደግሞ ያንኑ ኩራት በሽሙጥ ይሸነቁጠዋል። ፍቅሩ የበቀለው መምህርና ተማሪ ሆነው ፊደል ላይ ባጎነበሱበት ሰዓት መሆኑን ልብ ይሏል። ደራሲው በጎጃም ቅኔ ቤት ያደጉ ናቸውና ቃል እንዴት እንደሚወጋም እንዴት እንደሚያባብልም ያውቃሉ። በዛብህም እንደ አቾሊው ወጣት ወደ ዋና ከተማ ይሰደዳል፤ ሰብለ ወንጌል መነኩሴ መስላ ፍለጋ ትወጣለች፤ ስታገኘው ግን ሞት አፋፍ ላይ ነው።

ብዙዎቻችን በክፍል ውስጥ «የመጽሐፉ ጭብጥ ምንድን ነው?» ብለን ጠይቀን፣ ተማሪው «ፍቅር» ሲል አርመን እናልፋለን። ማን ለማን በምን ቃል እንደተናገረ ካልተጠየቀ ግን ሁለቱ መጻሕፍት አንድ ዓይነት ታሪክ ይመስላሉ። በሙየንጋ ግርጌ፣ በካባላጋላ፣ የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች አሉ፤ እዚያ የሚያድግ ልጅ አማርኛን ከቤት፣ እንግሊዝኛን ከትምህርት ቤት፣ ሉጋንዳን ከመንገድ ይሰማል። ለእንዲህ ያለው ተማሪ የምንሰጠው መልመጃ ቀላል ነው፦ «ላክ ታር» የሚለውን ርእስ በሦስቱም ቋንቋ ይጻፍ፤ በየትኛው እንደሚያስቅ፣ በየትኛው እንደሚያስለቅስም ይንገረን።