ከአጋሰስ እስከ ካሚዮን፤ ጭነቱ ሳይንቀሳቀስ የዋለበት ቀን

ስለ ሀገራችን የጥንት ንግድ የተጻፈውን ታሪክ ስንመለከት፣ ስለ ነጋዴው ሀብት፣ ስለ ነጋድራሱ ሹመት፣ ስለ ኬላውና ስለ ቀረጡ ብዙ ነገር እናነባለን። ወርቁ በወቄት፣ ቡናው በፈረሱላ ተመዝግቦ እናገኘዋለን። ያንን ሁሉ ዕቃ በመጫኛ ጠፍሮ ያሰረው፣ ሌሊት እየተነሣ የተጋደለውን ጭነት ያቃናው፣ ከበቅሎው ኋላ በእግሩ የተከተለው ሰው ግን በመጻሕፍቱ ውስጥ እምብዛም አይታይም። ቢታይም «ከአሽከሮቹ ጋራ» ተብሎ በጅምላ ነው።

እኛም በዚህ ጽሑፍ የዚህን ሰው ታሪክ በሙሉ ለመጻፍ አንሞክርም፤ ገጹም አይበቃንም። ከዘመን ወደ ዘመን እየተሻገርን አንድ ጥያቄ ብቻ ልናነሣ እንወዳለን። ጭነቱ በተንቀሳቀሰበት ቀን የሚከፈለው ዋጋ በየዘመኑ ስምምነት ነበረው። ጭነቱ ሳይንቀሳቀስ የዋለበትን ቀን፣ ማለት ወንዝ ሞልቶ፣ ኬላ ተዘግቶ፣ መኪና ተሰብሮ ወይም ወደብ ተጨናንቆ ያለፈውን ቀን፣ ኪሣራውን የሚሸከመው ማን ነው?

ከጨው እንጀምር። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. ድረስ በሀገራችን በተቀመጠ ጊዜ፣ ጨው በገንዘብ ፈንታ ይሠራበት እንደ ነበረና ከሚወጣበት ስፍራ በራቀ መጠን ዋጋው እየከበደ እንደሚሄድ ጽፏል። አሞሌው ከአፋር ቈላ ተቈርጦ፣ በግመል፣ በአህያና በበቅሎ ወደ ደጋው ወጥቶ፣ በትግራይ በኩል አልፎ እስከ ጎጃም፣ ከዚያም ወደ ደቡብ አገሮች ይደርስ ነበር። ልብ ብለን ብናስተውል፣ በአሳሌ የተቈረጠውና በሩቅ ገበያ የቀረበው አሞሌ ያው አንዱ ጨው ነው። እንዲያውም በመንገድ ዝናብ ነክቶት፣ ጠርዙ ተሸርፎ፣ ከመጀመሪያው ያነሰ ይሆናል። ዕቃው እያነሰ ዋጋው የበረከተው እንግዲህ በሌላ ምክንያት አይደለም፤ ከፊሉ ለየኬላው የተከፈለ ቀረጥ፣ ከፊሉ የነጋዴው ትርፍ፣ የቀረውም የመንገደኛው ጕልበት ነው። ከተጨመረው ዋጋ ለጕልበቱ የደረሰው ድርሻ ግን ከሁሉ የጠበበው ነበር።

ከዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን በፊትም ሆነ በኋላ፣ ትልቁ የቅፍለት መንገድ ከምጽዋ ተነሥቶ በዐድዋና በጎንደር አልፎ ወደ ጎጃም ይወርድ ነበር። በባሶ ገበያ ከደቡብ የመጣው ቡና፣ ዝባድ፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ከሰሜን ከመጣው ጨውና ጨርቅ ጋራ ይገናኛል። ከባሶ ወዲያ ዓባይ አለ፤ ከዓባይ ማዶ ጉዱሩ፣ ከዚያም ሊሙ እናርያና ከፋ። ክረምት ሲገባ ዓባይ ስለሚሞላ፣ ቅፍለቱ ወይ በጋው ሳያልቅ መሻገር፣ ወይም ሰፈር ጥሎ ውሃው እስኪጎድል መክረም ነበረበት። ነጋዴው በከረመበት ቦታ እየሸጠ እየለወጠ፣ የገበያ ወሬ እየጠየቀ ይቀመጣል። ክረምቱ ለእርሱ ዋጋ የሚጠባበቅበት ጊዜ ነው። በአሽከርነት የተከተለው ሰው ግን ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ቀለብና ልብስ ስለ ነበር፣ የክረምቱ ወራት በእርሱ ዘንድ ከዕድሜው ላይ የተቀነሱ እንጂ በሂሳብ የሚገቡ አልነበሩም። ስንቁም ሲያልቅ አስቀድሞ የሚጎድለው የማን ድርሻ እንደ ሆነ አንባቢያችን ይገምተዋል።

እዚህ ላይ አንድ የማይሸፈን ነገር አለ። በዚያ ዘመን ዕቃ ከሚሸከሙት ሰዎች ሁሉም ቅጥረኞች አልነበሩም። ከቅፍለቱ ጋራ የሚጓዘው ባሪያ ራሱ ሸቀጥ ሆኖ ሳለ ሸቀጥ ይሸከም ነበር። ገባሩም ግብሩን ከማውጣት ሌላ፣ እህሉን እስከ ጌታው ጎተራ ድረስ ተሸክሞ ወይም በአህያው ጭኖ ማድረስ ግዴታው ነበር። ከሚሠራው ሰው ገሚሱ በግድና በነጻ የሚሸከም ከሆነ፣ የቀረው ገሚስ በኪራይ ሲጠየቅ ምን ዋጋ ሊጠራ ይችላል? የባርነት ሥርዓት በሕግ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ሲሆን፣ በገባሩ ላይ የነበረው የልዩ ልዩ አገልግሎት ግዴታ ደግሞ በ1937 ዓ.ም. በወጣው የመሬት ግብር ዐዋጅ ቀረ። በእኛ አስተያየት፣ የአመላላሽ ደመወዝ በሀገራችን ለረጅም ጊዜ ዝቅ ብሎ የኖረበት አንዱ ሥር ከዚህ ይመዘዛል።

በምሥራቅ በኩል ያለው መንገድ ጠባዩ ሌላ ነበር። ከሐረር በበቅሎና በአህያ የወረደው ጭነት በጊልዴሳ ወደ ግመል ይዛወርና በበረሃው አቋርጦ ወደ ዘይላ ይሄዳል። በዚህ መንገድ ግመሉ የባለአገሩ ነው፤ ነጂውም ባለግመሉ ወይም ዘመዱ ነው። መንገደኛውን በዋስነት የሚያሳልፈው አባን ይባላል፤ ዋጋውን ይዋዋላል፣ ጠብ ቢነሣ ያስታርቃል። ስለዚህ የበረሃው ግመል ነጂ ከደጋው አሽከር ይልቅ ዋጋውን ለመከራከር አቅም ነበረው። ግመሉን ይዞ ቢሄድ ጭነቱ በሜዳ ላይ ይቀራልና።

የመቆየትን ዋጋ በደንብ የሚያስረዳ አንድ ታሪክ አለ። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ ቅኔውን ትቶ ነጋዴ ከሆነ በኋላ፣ ለንጉሥ ምኒልክ የሚሸጥ ከ2,000 የሚበልጥ ጠመንጃ ይዞ በ1878 ዓ.ም. ወደ ታጁራ መጣ። በፈቃድና በግመል ምክንያት አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ በዚያ የባሕር ዳር መንደር ተቀመጠ። ባልንጀራው ላባቱ ታመመና ሞተ። ቅፍለቱ በ1879 ዓ.ም. መጀመሪያ ተነሥቶ አራት ወር ያህል ከተጓዘ በኋላ አንኮበር ሲደርስ፣ የላባቱ ባለዕዳዎች ነን የሚሉ ከየአቅጣጫው ተሰበሰቡ። ንጉሡም ጠመንጃውን ከታሰበው ባነሰ ዋጋ ገዙት፤ ገንዘቡንም ከሐረር ገዥ ከደጃዝማች መኰንን እንዲቀበል አዘዙለት። ራምቦ በደብዳቤዎቹ ስለ ድካሙና ስለ ኪሣራው አጥብቆ አማርሯል። የታጁራን የመጠባበቅ ወራት ዛሬ የምናውቃቸው እንግዲህ ነጋዴው ጽሑፍ ዐዋቂ ስለ ነበረ ነው። በዚያው ባሕር ዳር ከእርሱ ጋራ የጠበቁት አሽከሮችና ግመል ነጂዎች ደብዳቤ አልጻፉም።

ከዚያ በኋላ ባቡር መጣ። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ፈቃዱን ሰጥተው፣ ሥራው ከጅቡቲ በ1890 ዓ.ም. ተጀመረ፤ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። የሐዲዱ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ቅፍለቱ ስድስት ሳምንት ያህል ይፈጅበት የነበረውን መንገድ ባቡሩ ቀን ቀን ብቻ እየሄደ በሦስት ቀን ጨረሰው። ስለዚህ ድንቅ ሥራ ብዙ ተጽፏልና አንደግመውም። ለጉዳያችን የሚጠቅመው ሌላ ነው፤ ከሐዲዱ ጋራ በሰዓትና በወር የሚቈጠር ደመወዝ ወደ ጭነት ሥራ ገባ። ነጂው፣ ፍሬን ያዡ፣ የጣቢያው ዘበኛ፣ ባቡሩ ቢዘገይም የወሩ ደመወዝ አለው። ከባቡሩ ደጅ ቆሞ ጆንያ የሚያወርደው ኩሊ ግን እንደ ጥንቱ በሸክሙ ልክ ይከፈለዋል፤ ባቡሩ በዘገየበት ቀን ጦሙን ይውላል። በአንድ ጣቢያ፣ በአንድ ጭነት ላይ፣ ሁለቱ ዐይነት ሰዎች ጎን ለጎን ቆሙ። በድሬዳዋ ነጋድራስ የነበሩትና የባቡሩን ሥራ ቀርበው ያዩት ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፣ ከሞታቸው በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው የሀብት ምንጭ የሰው ሥራ መሆኑን ደጋግመው ማስረዳታቸው፣ ከዚህ ዐይነቱ ጣቢያ ጋራ አብሮ ሲታሰብ የበለጠ ይገባናል።

ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ለጦርነቱ ብሎ የጠረገው መንገድና የቈፈረው የጣርማ በር ዋሻ፣ ወራሪው ከወጣ በኋላ ለካሚዮን ሥራ ዋና መሠረት ሆነ። ሾፌርነትንም ብዙዎቹ ወገኖቻችን የተማሩት በረዳትነት ነበር፤ ውሃ በመቅዳት፣ ጎማ በመንቀል፣ ከመኪናው ሥር በማደር። የትምህርታቸው ምስክር ቋንቋው ራሱ ነው። ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ እያልን እስከ ዛሬ እንናገራለን። ካሚዮኑን «ትሬንታ ኳትሮ» ያሰኘው ፊያት 634 የተባለው ዐይነት ነው። አንዱን የጭነት ጉዞም «ቢያጆ» አሉት፤ ይህችን ቃል ልብ እንበላት፤ ደመወዙ ከእርሷ ጋራ ታስሯልና።

መንግሥት በ1943 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ ባገኘው ብድር፣ ከዚሁም 5 ሚሊዮን ዶላሩ ለመንገድ የተመደበ ነበር፣ የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ተቋቁሞ መንገዶቹ ሲታደሱ፣ የአሰብ መስመር የሾፌሮች ሁሉ መፈተኛ ሆነ። ባቲን ከወረዱ በኋላ ያለው ሙቀት፣ የጎማው መፈንዳት፣ በሌሊት መንዳት የታወቀ ነው። በዚህ ሥራ ላይ ሾፌሩ ብዙ ጊዜ ጥቂት የወር ደመወዝና በየቢያጆው የሚሰጥ አበል ያገኝ ነበር። ኑሮው የሚቆመው በአበሉ ነው። መኪናው ጋራዥ ገብቶ አንድ ወር ቢቆም አበሉ አብሮ ይቆማል። ደግሞም ሾፌሩ ሲቀጠር ለመኪናውና ለጭነቱ ዋስ ይጠራል፤ ለእርሱ ለራሱ ግን፣ እግሩ ቢሰበር ወይም ዐይኑ ቢደክም፣ ዋስ የሚሆነው አልነበረም። ይህን ክፍተት የሞሉት እድርና ዕቁብ ናቸው። ሕግ ያልደረሰበትን ባለሙያው ራሱ በአሥርና በሃያ ብር ሸፈነው።

ሕጉም ጨርሶ አልተኛም። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተመሠረተ፤ በ1956 ዓ.ም. የሠራተኞችና የአሠሪዎች ግንኙነት ዐዋጅ ወጣ። የመንግሥት ሠራተኛ የጡረታ ሕግም በእነዚሁ ዓመታት ነው የቆመው። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የነዳጅ ዋጋ ሲንር የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች ሥራ አቆሙ። የነዳጁ ዋጋ ሲጨምር የጉዞው ታሪፍ ባለበት ስለ ቆመ፣ የዓለም ገበያ ጭማሪ በሙሉ ከነጂው ኪስ የሚወጣ ሆኖ ነበር። መንግሥትም ዋጋውን ዝቅ አደረገ። በዚያው ወር መጨረሻ አንድነት ማኅበሩ የጠራው የመጀመሪያው ጠቅላላ የሥራ ማቆም ከጥያቄዎቹ ውስጥ የዝቅተኛ ደመወዝ ወሰንና የጡረታ ጉዳይ ነበሩበት።

ከአብዮቱ በኋላ ጡረታው ለመንግሥት ድርጅቶች ሠራተኞች ሲስፋፋ፣ በግል ካሚዮን ላይ የሚሠራው ሾፌር ከውጭ ቀረ። የግል ካሚዮኖች በቀጠና ተደራጅተው ጭነት በተራ ይደለደልላቸው ጀመር፤ ይህም በ1984 ዓ.ም. እስኪሻር ድረስ ቆየ። ተራ መጠበቅ የሥራው ክፍል ሆነ፤ ጠባቂው ግን በመጠበቁ አልተከፈለውም።

ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ የአሰብ መንገድ ተዘግቶ የሀገሪቱ ገቢና ወጪ ዕቃ ከሞላ ጎደል በጅቡቲ ላይ ወደቀ። በ2008 ዓ.ም. ድርቁ ያስከተለው የእርዳታ እህልና የገበሬው ማዳበሪያ በአንድ ጊዜ ሲደርሱ መርከቦች ለሳምንታት ተራ ጠበቁ። እዚህ ላይ አንድ የምንገረምበት ነገር አለ። መርከብ ከተዋዋለው ቀን በላይ ቢቆም ባለመርከቡ ስለ ቆየበት ቀን ይከፈለዋል፤ ነጋዴዎቻችን ዲመሬጅ ይሉታል። ባዶውን ሳይመልሱ ቢያቆዩት ኮንቴይነሩም ኪራይ ይቈጥራል። ብረት ስለ ቆመበት ቀን ዋጋ አለው። በኮንቴይነሩ ጥላ ሥር ተኝቶ ወረፋውን የሚጠብቀው ሾፌር ግን የሚቈጥረው አበሉን ሲጨርስ የሚበደረውን ብቻ ነው።

የግል ድርጅት ሠራተኛ የጡረታ ዐዋጅ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ ከመንግሥት ሠራተኛው ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ዘግይቶ ማለት ነው። መዋጮው ደረጃ በደረጃ ከፍ እያለ ከአሠሪው 11፣ ከሠራተኛው 7 በመቶ እንዲደርስ ተደነገገ። ይሁን እንጂ መዋጮው የሚቈረጠው ከደመወዙ እንጂ ከአበሉ አይደለም። ደመወዙ ትንሽ፣ አበሉ ብዙ የሆነለት ሾፌር፣ በእርጅናው የሚታሰብለት በትንሹ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅም ከቀደሙት ሕጎች ወርሶ አንድ መልካም አንቀጽ ይዟል፤ ሠራተኛው ለሥራ ዝግጁ ሆኖ ሳለ በእርሱ ባልመጣ ምክንያት ሳይሠራ ቢቀር ደመወዙን ያገኛል ይላል። የዓባይ ዳር አሽከር ያላገኘው መልስ ይኸው ነው። ግን አንቀጹ የሚናገረው ስለ ደመወዝ ስለ ሆነ፣ በቢያጆ ለሚኖረው ሰው ጥላው ግማሽ ገላ ብቻ ይሸፍናል። በዚያው ዐዋጅ የዝቅተኛ ደመወዝ ወሰን የሚያጠና ቦርድ እንዲቋቋም ቢደነገግም፣ ዐዋጁ ከወጣ በኋላ ወሰኑ ሳይቈረጥ ዓመታት አልፈዋል።

አሁን ደግሞ አዲስ ዐይነት አመላላሽ በከተማችን ተነሥቷል። በሞተር ብስክሌት ወይም በብስክሌት ምግብና ዕቃ የሚያደርሰውን ወጣት ሰዉ «ዴሊቨሪ» ይለዋል። ብዙዎቹ የሚሠሩት በትእዛዝ ልክ እየተከፈላቸው ነው፤ ሞተሩ፣ ቤንዚኑና ጎማው የራሳቸው የሆኑ አሉ። ተቀጣሪ አይደላችሁም ለተባሉት፣ ያ መልካም አንቀጽ ከነጭራሹ አይደርሳቸውም። እንደ ጊልዴሳው ባለግመል የመጓጓዣው ባለቤት ናቸው፤ ዋጋ የሚዋዋልላቸው አባን ግን የላቸውም፤ ዋጋው በስልክ ተቈርጦ ይደርሳቸዋል።

ከምሳ ሰዓት በኋላ በአንድ ምግብ ቤት ደጃፍ ብናልፍ፣ አምስት ወይም ስድስት ሆነው ሞተራቸውን በጥላ አቁመው፣ ስልካቸውን በጭናቸው ላይ አድርገው ሲጠብቁ እናያቸዋለን። ማታ ሲሆን የሰበሰቡትን ቈጥረው፣ የቤንዚኑን ቀንሰው፣ ከቀረውም የዕቁቡን ድርሻ ለሰብሳቢያቸው ይሰጣሉ።